አራት ባለሙያ፣ አንዲት ዲኤክስ

ሚዛን ላይ ዝናብ ጣለ ብሎ የሚያወራ ሰው እንግዳ መሆን አለበት። እኛ ዘንድ ዝናቡ መጋቢት ላይ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይመላለሳል፤ ቡናውም ኮረሪማውም እሱን አምኖ ነው የሚኖረው። ወሬ የሚሆነው ነፋስ ሲጨመርበት ነው። የዚያን ማታ ነፋስ ደግሞ ስንት ዋንዛና ቀረሮ የሞላበትን ጫካ ትቶ፣ የኔን ግቢ አቮካዶ መርጦ፣ ትልቁን ቅርንጫፍ ገንጥሎ ዲኤክሴ ላይ አስተኛው። ጣሪያዋ ጎደጎደ፤ የፊት መስታወቷ ረገፈ። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ሰው አልነካም? ተመስገን ነው!» እያሉ አቮካዶውን በየፌስታላቸው ለቅመው ሄዱ። ቅርንጫፉ ለኔ ቀረ።

መድን ቢሮ ሄድኩላችሁ። የኔ እንግዲህ የሶስተኛ ወገን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ሁላችንም የምንገባው። ልጅቷ በትህትና አስረዳችኝ፤ ይሄ መድን መኪናዬ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት እንጂ በራሷ ላይ ለሚደርሰው አይደለም። «ታዲያ አቮካዶው ሶስተኛ ወገን አይደለም ወይ?» አልኳት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እሷ ግን ከምሯ አሰበችበትና «ዛፉ የማን ነው?» አለችኝ።

የኔ ነው።

ሸጠህ ሌላ ግዛ የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እነሱ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት እንዳደረገው፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ መከልከሉን ረስተውታል። ያኔ ነው ዲኤክሴ ባረጀች ቁጥር የተወደደችው። እንዲህ ያለችው ትጠገናለች እንጂ አትሸጥም። ደግሞ ችኩል ነበርኩ፤ አማቴ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ቴፒ ላይ ነበረባቸው፤ እኔም «እኔ አደርስዎታለሁ» ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ባለቤቴ «በሚኒባስ ይሂዱ» ብላ ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለውን የተናገረ ሰው ግን ሚስት ሳትሆን አትቀርም።

ክልላችን ኅዳር 2014 ሲመሠረት መቀመጫውን ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለቴፒና ለሚዛን አማን አካፍሏል። የኔም መኪና ጥገና እንደዚያው ለአራት ሰው ተካፈለ፤ ላሜራ ሠሪ፣ መስታወት ገጣሚ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ቀለም ቀቢ። ላሜራ ሠሪው ውስጥ ገብቶ በጀርባው ተንጋለለና ጣሪያውን በእግሩ ገፋው። ወጣ፤ ተመልሶ ገባ። ደግሞ ገፋው። የቀረውን በስቱኮ ለሰነው፤ መሃሉ ላይ ግን የወጥ ሳህን የሚያህል ጎድጓዳ አልሞላ አለ። «ስርጉድ ውበት ነው ቲቸር» አለኝ።

መስታወቱ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በአውቶብስ በጅማና በቦንጋ አድርጎ መጣ። ያንን ሁሉ መንገድ ሳይሰበር መድረሱ ተአምር ነው፤ የኔ መኪና ልክ አለመሆኑ ግን ተአምር አይደለም። ከላይ በኩል ጣት የምታስገባ ክፍተት ቀረች። «ሲሊኮን ይሞላታል» ተባለ። ሲሊኮን ደግሞ ደረቅ ነገር ላይ ነው የሚይዘው፤ ሚዛን ላይ በዚያ ሰሞን ደረቅ ነገር ካያችሁ ንገሩኝ። ቀለም ቀቢው ሁሉንም ነጭ አደረገው። ጣሪያው ሌላ ነጭ፣ ኮፈኑ ሌላ ነጭ።

እሁድ ጠዋት አማቴ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ድፎ ዳቦ ጭናቸው ላይ፣ ጨሞ በፔርሙዝ እግራቸው ሥር አድርገው ከጎኔ ተቀመጡ። ጨሞ መቼም ታውቁታላችሁ፤ የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሚጥሚጣ ጋር የሚፈላው። ከተማውን እንደወጣን ዝናቡ መጣ። የዝናብ መጥረጊያውን አበራሁ።

ጲጵ።

መጥረጊያው ወደ ቀኝ ሲሄድ ጲጵ፤ ተመልሶ ሲሄድ ጲጵ። «ማን ነው የምትጠራው?» አሉኝ አማቴ። ሳጠፋው ዝም፤ ግን አላይም። ሳበራው አያለሁ፤ ግን ጲጵ። እንዲህ እያልን ከአንድ ኩርባ ስንወጣ፣ መንገዱን የሞላ ሰው ጥላ ይዞ ይመጣል። ሠርግ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ክላክሴ ቦታውን አገኘ ብዬ።

ቀብር ነበር።

ፍሬን ያዝኩ። ስርጉዱ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ወደፊት ተንሸራቶ፣ በዚያች ክፍተት ገብቶ፣ ድፎው ላይ ፈሰሰ። እጄ ተደናብሮ መጥረጊያውን ፈጠን ወዳለው አዞርኩት፤ ጲጵጲጵ፣ ጲጵጲጵ፣ ልክ ሙሽራ ይዘን እንደመጣን። ሬሳ የተሸከሙት ሰዎች ቆሙ። አንድ ጎረምሳ መስኮቴን አንኳኳ፤ «ሰው አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ልወርድ ስል በሩ አልከፈት አለ፤ ጣሪያው ሲገፋ እሱም ተጣሟል። በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ «ሽቦ ነው፣ ሽቦ ነው» እላለሁ።

ያዳኑኝ አማቴ ናቸው። በዚያኛው በር ወረዱ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ ደረታቸውን እየደቁ ሰልፉ ውስጥ ገቡ። እንዴት እንዳለቀሱ! የሟች ቤተሰብ ደግፎ ይዟቸው ነበር። እኔ ከኋላ ሞተር አጥፍቼ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንድ ሽማግሌ ሲያልፉ አይተውኝ «ለእሳቸው ስንል ነው» አሉ።

ሲመለሱ ዓይናቸው አብጧል። «ንዳ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል የለም። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቀርቦ ድንች ቆርጠህ መስታወቱን ብታሸው ውሃው ይንሸራተታል፣ መጥረጊያ አያስፈልግህም ብሎ መከረኝ። ድንች የለኝም። ከወንበሩ ሥር ግን ጎረቤት ያላየው አንድ የበሰለ አቮካዶ አገኘሁ። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏችኋል ይሄ ነው። ቴፒ የደረስነው አማቴ በመስኮት እያዩ «ግራ፣ ቀኝ፣ ላም ናት» እያሉኝ ነው። ሲመለሱ በሚኒባስ ተመለሱ።

አራቱን ሰብስቤ ብጠይቅ፣ ላሜራው በመስታወቱ፣ መስታወቱ በላሜራው አሳበበ፤ ቀለም ቀቢው «እኔ ያገኘሁትን ቀባሁ» አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን ብዬ ማንንም አልተቆጣሁም። ኤሌክትሪሺያኑ ግን ነገሩን አወቀው። ክላክስ የሚጮኸው ሽቦው ከመኪናው ቆርቆሮ ጋር ሲነካካ ነው፤ መስታወቱ ሲወጣና ሲገባ ሽቦው ተልጧል፤ የመጥረጊያው ዘንግ በሄደ በመጣ ቁጥር ይዳብሰዋል። «ዳሽቦርዱ ተፈትቶ ይጠቀለላል፤ ግን ብዙ ሥራ ነው ቲቸር» አለና፣ ዋጋውን ስሰማ ሌላ ዘዴ አለኝ ብሎ የሳሎን መብራት ማጥፊያ መሪው ሥር በብሎን አሰረልኝ። ዝናብ ሲመጣ ክላክሱን አጠፋለሁ፤ ሲያባራ አበራለሁ።

ቦሎ ላሳድስ ምርመራ ስገባ መርማሪው ያንን ነጭ ማጥፊያ ቀጭ አድርጎ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ለቅሶ ካጋጠመ ነው» አልኩት።

አየኝ። መጥረጊያውን አበራ። ጲጵ አለ። አጠፋ፤ ደግሞ አበራ፤ ጲጵ። ወረቀቱ ላይ ክላክስ፣ ይሠራል፤ የዝናብ መጥረጊያ፣ ይሠራል ብሎ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ምልክት አደረገና «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ።