ተቀይሮ የማይወጣው ተጫዋች

የቡድን አቋም ይወጣል፣ ይወርዳል። አርሴናል በ2003/04 (ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ እየቆጠርኩ ነው) አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ አነሣ፤ ያው አርሴናል በ2011 ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ተቀጣ። ማንቸስተር ዩናይትድ በሰር አሌክስ ፈርጉሰን እጅ 13 የፕሪምየር ሊግ ዋንጫ ሰበሰበ፤ ሰውየው በ2013 ጡረታ ሲወጡ ቁልቁለቱን ተያያዘውና በ2024/25 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። አሠልጣኝ ይባረራል፣ አጥቂ ጎል ይጠፋበታል፣ ተከላካይ ጉልበቱን ይታመማል። በዚህ ሁሉ መናወጥ መሐል አቋሙ ለአንድ ሳምንት እንኳ ያልወረደ አንድ ባለሙያ አለን፦ የሰፈራችን ተሳዳቢ ደጋፊ።

ይህ ሰው ጉዳት አያውቀውም። በሁለት ቢጫ አይወጣም፣ በቀይም አይወጣም። ቡድኑ ሲያሸንፍ ይሳደባል፣ ሲሸነፍ ይሳደባል፤ አቻ ሲወጣ ደግሞ ለፍትሕ ሲል ሁለቱንም ወገን ይሳደባል። ሊጉ ተቋርጦ ብሔራዊ ቡድኖች በሚጫወቱበት ሳምንት እንኳ አያርፍም፤ በዝውውር ወሬ ልምምዱን ይሠራል። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን የአርሴናሉን ሳካ የጭን ጡንቻ በየማለዳው በሬዲዮ ሲመረምሩ፣ የዚህን ብርቱ ሰው ወቅታዊ አቋም አንድ ቀን ሳይገመግሙት መቅረታቸው ግፍ ነው። እስቲ እኔ ልሞክር።

ሜዳው የታወቀ ነው። ዲኤስቲቪ ቤት፤ በር ላይ የዕለቱ ጨዋታ በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ፣ ውስጥ አግዳሚ ወንበር፣ ፊት ለፊት ስክሪን። የእኛ ሰው ጨዋታው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይገባል፤ ማሟሟቅ ያስፈልገዋል። ክርክሩ በትንታኔ ይከፈታል። እውነቱን ለመናገር ትንታኔው አንዳንዴ ግሩም ነው። የአርሴናል የኋላ መስመር ለምን ወደ ፊት ተጠግቶ እንደሚጫወት፣ ብሩኖ ፈርናንዴዝ የት ቢሰለፍ እንደሚሻል፣ ቫር የቱን ጎል ያለ አግባብ እንደሻረ፣ አውሮፓ ሄዶ ፈቃድ ቢያወጣ አሠልጣኝ የሚሆን ልጅ በዚህ ከተማ ሞልቷል። ችግሩ ትንታኔው አምስት ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ ቁጥር ይመጣል። «ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ!» ይላል ማንቼው። «15ኛ!» ይላል አርሴው። «248 ቀን መሪ ሆናችሁ ዋንጫውን ለሲቲ ያስረከባችሁ!» ይላል ያኛው፣ 2022/23ን እያስታወሰ። «7 ለ 0!» ይላል ይኼኛው፤ ሊቨርፑል በዚያው የውድድር ዘመን አንፊልድ ላይ ያወረደውን መዓት ማለቱ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም በመዝገብ የሰፈረ ነው።

ቁጥር ሲያልቅ እናት ትገባለች።

እናት በየትኛው የሥራ ድርሻ እንደምትገባ እስካሁን አልገባኝም። በ4-3-3 አሰላለፍ ውስጥ የእናት ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ የአርሴናሉ አሠልጣኝ ሚኬል አርቴታ ራሱ ቢጠየቅ አያውቅም። ሴትዮዋ በዚያ ሰዓት ኮልፌ ወይም ገርጂ ቤቷ ቡና እየቆላች ነው፤ ኦዴጋርድ ሰው ይሁን መድኃኒት አልሰማችም። ያቀበለችው የተበላሸ ኳስ የለም። ያስገባችው ፍጹም ቅጣት ምትም፣ የሳተችውም የለም። ግን አርሴናል በጭማሪ ሰዓት ጎል በገባበት ቁጥር የምትጠራው እሷ ናት። በየሳምንቱ ቋሚ ተሰላፊ ሆና፣ ያለ ደሞዝ፣ ያለ ልምምድ፣ ያለ ማልያ የምታገለግል ብቸኛዋ ተጫዋች እሷ ሳትሆን አትቀርም።

አሁን የሰውየውን ዋና ችሎታ እንመልከት፤ ዒላማውን። የተናደደው በአርቴታ ነው። አርቴታ ግን ለንደን ነው፤ አይሰማውም፣ አማርኛም አያውቅም። በዳኛው ተናዷል፤ ዳኛው ማንቸስተር ነው። በዩናይትድ ባለቤቶች፣ በግሌዘር ቤተሰብ ተናዷል፤ እነሱ አሜሪካ ናቸው። ስለዚህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ቁጣው ሁሉ አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ ይወርዳል። አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ ባለፈው ዓመት አባቱ ሲያርፉ ሌሊቱን ድንኳን ሲተክል ያደረ፣ በዕድሩ ወንበር ተሸክሞ የተመላለሰ ጎረቤቱ ነው። ስለ አንድ ስፔናዊ አሠልጣኝ የተጫዋች ለውጥ ሲባል ያ ጎረቤት ከነዘር ማንዘሩ ይታጠባል። ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ ስልኩ ያቀረቅራል፣ ሌላው ደመና ያያል። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት የማጥቃት ብቃት ይምጣ? ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለን ሰው አስቦ፣ ግማሽ ሜትር ላይ ያለውን መምታት!

ሰውየው በስልኩም ታታሪ ነው። የክለቦቹና የተጫዋቾቹ ገጽ ስር ሌሊቱን ሙሉ በአማርኛ ሲጽፍ ያድራል። ቡካዮ ሳካ ሊያነበው እንደማይችል ያውቃል፤ ቢሆንም ይጽፋል፣ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት ነው። እዚህ ላይ አንድ የማልዘለው ነገር አለ። በ2021 ሐምሌ ወር እንግሊዝ የአውሮፓ ዋንጫን ፍጻሜ በመለያ ምት በጣሊያን ስትሸነፍ ራሽፎርድ፣ ሳንቾና ሳካ ስተው ነበር። በዚያው ሌሊት ሦስቱ ጥቁር ልጆች ላይ የወረደውን የዘረኝነት ስድብ ዓለም አይቷል። የእኛም ሰው አይቶ ተቆጥቷል፤ ስለ አድዋም አንድ ሁለት ቃል ጽፏል። ያው ሰው ሳካ በሳተበት ቅዳሜ የልጁን የቆዳ ቀለም ጠርቶ፣ የአያቶቻችንን የባርነት ዘመን ቃል ሳይቀር ከጓዳ አውጥቶ ሲወረውር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተናጋሪው ከሳካ በግማሽ ሼድ እንኳ አይቀላም። ይህን ያህል ራስን የመርሳት ችሎታ በልምምድ አይገኝም፤ ተሰጥኦ ነው።

ሆኖም አንኩራራ። እንግሊዞቹ በዚህ ሙያ አሁንም ይበልጡናል። በጥር 2025 አርሴናል በኤፍኤ ካፕ በዩናይትድ በመለያ ምት ሲወጣ ካይ ሃቨርትዝ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ነፍሰ ጡር ለነበረችው ባለቤቱ ምን እንደተላከላት ራሷ ይፋ አደረገች፤ ስድቡና ዛቻው በማሕፀኗ ያለውን ልጅ የሚጠራ ነበር። በጉዳዩ የተያዘው ተጠርጣሪ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። በ2023ቱ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ደግሞ አንድ ሰው በሂልስቦሮው አደጋ ያለቁትን 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች «97 አልበቃም» በሚል ማልያ እያላገጠ ዌምብሌይ ገባ፤ ፍርድ ቤት ለአራት ዓመት ከስታዲየም አገደው። እኛ እናት ላይ ቆመናል። እነሱ በአንድ በኩል መቃብር፣ በሌላ በኩል ጽንስ ድረስ ሄደዋል። የፕሪምየር ሊጉን ማልያ፣ የፀጉር ቁርጥና የጎል አከባበር ሁሉ በአንድ ሳምንት የምንቀዳ ሰዎች ስለሆንን ግን ተስፋ አለን፤ ርቀቱን እናጠብበዋለን።

በቅርብ ዓመታት ለሙያው አዲስ ስፖንሰር ተገኝቶለታል፦ ውርርድ። ድሮ ሰው የሚሳደበው ለፍቅር ነበር። አሁን ኪሱ ውስጥ ቲኬት አለ፤ አሥራ አንዱ ጨዋታ መትቶ አሥራ ሁለተኛውን አንድ የበርንሌይ ተከላካይ በራሱ ጎል አበላሽቶበታል። የበርንሌይ ተከላካይን ማን ያገኘዋል? በጎኑ ያለው፣ ቲኬት እንኳ ያልቆረጠው፣ ለስላሳ የሚጠጣው ልጅ ግን አለ።

ስለ አካዳሚያችን ሁለት ቃል ልበል። ባርሴሎና ላ ማሲያ አለው፤ እኛ ከስክሪኑ ሥር ምንጣፍ ላይ በግማሽ ዋጋ የሚቀመጡ ሕፃናት አሉን። የሚሰሙትን አንድም ሳያስቀሩ ይይዛሉ። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ የመሀል ተከላካዩን ሙሉ ስም በወጉ መጥራት ሳይችል ስድቡን ከነዜማው ይደግመዋል፤ ያኔ አዋቂዎቹ በሣቅ ይፈነዳሉ፣ አንዱ ከረሜላ ይገዛለታል። ከታች ጀምሮ ማሳደግ ይሉሃል ይሄ ነው። በሰኞው የሠፈር ግጥሚያ ላይ በድንጋይ በተሠራ ጎል ፊት ለፊት ልጆቹ ሲጫወቱ ብታዩ፣ ቅብብሉ ገና ነው፣ አፉ ግን ለዋናው ቡድን ደርሷል።

እዚህ ላይ «ኧረ ብሽሽቅ ነው፣ ለጨዋታ ያህል ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ብሽሽቅን አትንኩብኝ! ብሽሽቅ ሌላ ነው። ስምንት ለሁለቱ ቀን አርሴናል ደጋፊ ወዳጁ ፊት ተቀምጦ «ስምንት ሻይ፣ በሁለት ስኳር» ብሎ ያዘዘ ሰው አርቲስት ነው። ተበሻቂው ራሱ ስቆ ሒሳቡን ይከፍልለታል። በኅዳር 2017 ሐራሬ ላይ ሕዝቡ ሮበርት ሙጋቤ ይውረዱ ብሎ አደባባይ ሲወጣ፣ በሰልፉ መሐል የያኔውን የአርሴናል አሠልጣኝ ጠርቶ «ቬንገር ይውጣ» የሚል ጽሑፍ የያዘም ነበር። ይህን ማድረግ ጭንቅላት ይጠይቃል፤ ትንሽ ማሰብ፣ ትንሽ ጊዜ መምረጥ፣ የሰውን ፊት ማየት። እናትን ለመጥራት ግን ሳንባ ብቻ ይበቃል። የእኛ ሰው ብሽሽቅን የተወው ጨዋነቱ ሳያንሰው ቀልዱ ስላለቀበት ይመስለኛል። ቀልድ ያለቀበት ሰው ድምፁን ይጨምራል።

ወደ አገር ቤቱ ኳስ ስንመለስ ሽሙጡ እንኳ ምላሴ ላይ ይከብዳል። በ1928 ዓ.ም. (እዚህ ላይ በእኛው አቆጣጠር ነው) የተመሠረተ ቅዱስ ጊዮርጊስ ያላት፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣች አገር ናት። የእኛ ሰው የአርሴናልን ሦስተኛ በረኛ ስም ያውቃል፤ የአገሩ ሊግ መሪ ማን እንደሆነ ግን ጠይቁት። ስታዲየም ከሄደ ደግሞ ዳኛው ገና ፉጨት ሳያሰማ «ሌባ! ሌባ!» ይጀምራል፤ ስርቆቱን ቀድሞ አውቆታል ማለት ነው። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዳኛ ተደብድቦ ሊጉ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። በእነዚያው ዓመታት በየሜዳው የተሰማው ጩኸት ከዳኛ አልፎ ወደ ተጋጣሚው ብሔር ሄዷል፤ ቡድን እየተባለ ሕዝብ ተሰድቧል፣ ድንጋይም ተወርውሯል። ለንደን ላለ ክለብ ሲሉ ጎረቤትን መስደብ ቂልነት ነው ብለን እንስቅ ይሆናል። ይሄኛው አያስቅም። ግን ልምምዱ የተሠራው እዚያው ዲኤስቲቪ ቤት መሆኑን አትርሱ፤ አፍ አንዴ ከተሟሟቀ ሜዳ አይመርጥም።

እንግዲህ ግምገማዬን ልቋጭ። የተሳዳቢው ደጋፊ አካላዊ ብቃት እጅግ ከፍተኛ፣ የድምፅ ርዝመት ለ120 ደቂቃ የሚበቃ፣ ዒላማ የሚያሳፍር፣ የጨዋታ እይታ ዜሮ። ወንድሜ፣ ቅዳሜ መጥተህ ስትቀመጥ ይህችን አንዲት ቁጥር ያዝልኝ። ዩናይትድ በ2024/25 15ኛ ሆኖ የጨረሰው በ42 ነጥብ ነው። 43ኛዋን ለማምጣት ዓመቱን ሙሉ ስትሳደብ ከርመሃል፤ አልመጣችም። አርሴው ጎረቤትህም በዚያው ዓመት 74 ነጥብ ይዞ ሁለተኛ የወጣው አንተን ስለሰደበ አይደለም።