ውዳሴ ሥርዓተ ልመና

በዘመናችን ከተገለጡት ምሥጢራት ሁሉ የሚልቀው፥ ግብረ ሠናይ ድርጅት ገንዘብ የሚያጣው ለጋሽ ጠፍቶ ሳይሆን ዘበኛው፥ ወጥ ቤቷ፥ ሾፌሩና በነጻ የሚያገለግለው በጎ ፈቃደኛ በየፊናቸው ስላልለመኑ መሆኑ ነውና፥ ይህን ጥበብ ከጮቄ ራስ እስከ ዓባይ በረሃ ላልሰማ ሁሉ ማሰማት ተገቢ ሆኖ ታይቶኛል።

የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ነክ ጉዳይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከመቶ 10 የሚበልጠውን ከውጭ እንዳይቀበል አሰረ፤ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ፈታ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ፥ የተፈታው እጅ ባዶውን ቀረ። አንዳንድ ሥራ አስኪያጆች ሠራተኛውን ሁሉ የልመና ሐዋርያ አድርገው የሾሙት ያን ጊዜ ነው።

ጎጃም ለልመና እንግዳ ነው የሚል ቢኖር ሐሰተኛ ነው። በዲማም ሆነ በዋሸራ የተማረ ሁሉ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከመንደር ውሻ ጋር ሲሟገት ያደገ ነው። ሆኖም የጥንቱ ሥርዓት ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ተማሪው ቁራሹን ያገኘ ዕለት ወደ ቅኔው ይመለሳል፥ የኔታም በየአኩፋዳው የገባውን ቆጥረው ሰሌዳ ላይ አይለጥፉም።

ዛሬ ግን የእያንዳንዱ ስም ከነኮታው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይነበባል። በደብረ ማርቆስ ከተማ፥ ስሙን መጥራት በማያሻኝ አንድ ድርጅት፥ ዘበኛው የካርኒ ጥራዙን በካፖርቱ ኪስ ይዞ በሩን በከፈተ ቁጥር ብቅ ያደርገዋል፤ የሚገባው ሁሉ ግን ዕርዳታ ፈልጎ የመጣ ነውና መልሶ ይከተዋል። ወጥ ቤቷ ወደ ማኅበሯ ሴቶች ብትሄድ እነርሱም ከየመሥሪያ ቤታቸው የተሰጣቸውን ጥራዝ ከነጠላቸው ሥር አወጡ፤ አንዷ ከአንዷ እየገዛች ተለያዩ፤ የቀረው ካርኒ ከደመወዟ ተቆረጠ። ሕጻናትን ያለ ዋጋ ፊደል የሚያስቆጥረው ወጣትም ትምህርቱን ትቶ ሱቅ ለሱቅ እንዲዞር ታዘዘ፤ ጉልበቱን የሰጠ ሰው ፊቱን ቢሰጥ ምን ይጎድልበታል?

ይህ ሁሉ የሚፈጸመው፥ ልብ በሉ፥ «በፈቃደኝነት» ነው። አባቶቻችን በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅባቸው፥ የሞጣ፥ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ ጠመንጃውን አንሥቶ ሸፈተ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፥ ውዝፉም ግብር ተማረ። የዚያ ዘመን ሹማምንት ይህችን አንዲት ቃል ከአዋጁ ራስጌ ለመጻፍ አለማሰባቸው እንዴት ያሳዝናል! መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ መሠረት ከተጣለ በኋላ የወር ደመወዙን ያዋጣው የመንግሥት ሠራተኛ እንኳ ገንዘቡ የሚመለስበት የቦንድ ወረቀት በእጁ ነበረው፤ የእኛ ዘበኛ ግን የያዘው ወረቀት ያልተሸጠለት ካርኒ ነው።

አንዳንድ ጨለምተኞች፥ ለዚህ ሙያ የሠለጠነ አንድ ሰው ቢቀጠር፥ የሒሳቡም መዝገብ ለከተማው ነጋዴ ተገልጦ ቢታይ ይሻላል ይላሉ። መዝገብ ያየ ነጋዴ ጥያቄ ይጠይቃል፤ የአስተዳደር ወጪም በአዋጅ ቁጥር 1113 ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ስለ ተወሰነ፥ ለሠለጠነ ሰው ደመወዝ የሚሆን ቦታ የለም፤ አበሉ ሞልቶታል። የሥራ አስኪያጁ ጥራዝ እስካሁን አንድ ቅጠል አልተገነጠለለትም፥ እርሳቸው ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር በሚገኝ ሆቴል፥ ልመና የሁሉም ሠራተኛ ግዴታ ስለ መሆኑ በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ሰንብተዋልና። የሥልጠናው አበል ከየትኛው ሒሳብ እንደ ወጣ የጠየቀችው ገንዘብ ያዟ ብቻ ስትሆን፥ ለትጋቷም ሁለተኛ ጥራዝ ተጨምሮላታል።