ይድረስ በናፍጣ ላደጉት ለመንገድ ፈንድ

ጉዳዩ፦ ከነዳጅ ውጭ ስለ መተዳደር

ልደትዎ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ላይ ስለ ሰፈረ ዕድሜ መደበቅ አይችሉም፤ ወደ ሠላሳው ተጠግተዋል። ይህን ሁሉ ዘመን ዋናው ቀለብዎ አንድ ነው፦ ማደያ ላይ ከሚቀዳው ከእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚንና ናፍጣ የምትነሣ ሳንቲም። በእርሷ ጉድጓድ ይደፈናል፣ ቦይ ይጠረጋል።

በጥር 2016 ዓ.ም. የሆነውን ሳይሰሙ አልቀሩም። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ለምክር ቤት ቀርበው፣ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። ምክንያቱ አያከራክርም፤ ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ነው፣ ኤሌክትሪኩ ግን ከዓባይና ከኦሞ ይመጣል። ቀደም ብሎም ለኤሌክትሪክ መኪኖች ኤክሳይዙ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱና ሱር ታክሱ ተነሥቶላቸው ነበር። ቀለብዎ እንዲቀር ሲወሰን ግን እርስዎን ያማከረ ያለ አይመስልም።

ቦሌ መንገድ ላይ ወጣ ብለው ይመልከቱ። አይዲ ፎር የምትባል አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና በማደያው ሰልፍ አጠገብ ድምፅ ሳታሰማ ታልፋለች፤ ክብደቷ ከ2 ቶን በላይ ነው። ሰልፉ ውስጥ የቆመችው አሮጌ ቪትዝ 1 ቶን ገደማ ብትመዝን ነው። ለአስፋልቱ የምታዋጣው ቪትዟ ናት። የባሰው ወፍጮ ቤቱ ነው። መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ ጤፍ የሚፈጨው የናፍጣ ሞተር፣ ከተተከለበት ንቅንቅ ሳይል ለመንገድ ይከፍላል።

ቢሆንም በአይዲ ፎሯ ላይ ብቻ እንዳይነሡ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ መሐንዲሶች ኢሊኖይ ውስጥ መንገድ ሠርተው፣ መኪና ሲያመላልሱበት ከርመው የደረሱበት ስሌት አለ፦ የአንድ አክስል ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዚህ ስሌት የቤት መኪና፣ ኤሌክትሪክም ሆነች ቤንዚን፣ አስፋልቱን አልነካችውም ማለት ይቻላል። የሚያደቀው ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ያለው፣ አሸዋ እስከ አፉ የጫነው ሲኖትራክ ነው። ነዳጅ ይጠጣል፣ እውነት ነው፤ የሚጠጣው ግን ከሚያፈርሰው ጋር አይመጣጠንም። ይህን ደግሞ የራስዎ አዋጅ ያውቀዋል። በአክስል ክብደት የሚሰላ ዓመታዊ ክፍያንና ከልክ በላይ የጫነ የሚቀጣውን ቅጣት ከገቢዎ መካከል ቆጥሮልዎታል። ናፍጣው ጣፍጦዎት ሳይሆን አይቀርም፣ ሌላውን ሳህን እምብዛም አልነኩትም።

ሌሎቹ ጀምረዋል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖቿን በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 76 የራሷን ዶላር ታስከፍላለች። እ.ኤ.አ. በ1919 ከአሜሪካ ግዛቶች ቀድማ የቤንዚን ታክስ የጣለችው ኦሪገን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ፈቃደኞችን በማይል ማስከፈል ጀምራለች። ሩቅ መሄድም አያስፈልግ፤ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የክፍያ ጣቢያ መኪናዋን «ምን ትጠጫለሽ?» አይላትም፤ ዓይነቷንና የሄደችውን ርቀት አይቶ ያስከፍላል። እርግጥ እንዲህ ያለ ጣቢያ በየቀበሌው አይተከልም።

ቦሎ ግን አለ። መኪናዋ ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ ኪሎ ሜትሯ ይነበብ፣ በክብደቷ ይባዛ፣ ይከፈል። እንቅፋቱ አንድ ነው፤ አገሬው ኪሎ ሜትር በማስቀነስ የተካነ መሆኑ። ደላላው ፊት የቀረበች የ15 ዓመት መኪና ሁሉ «ሴት የያዘቻት፣ ብዙም ያልሄደች» ናት። እስከ ዛሬ ቆጣሪው ወደ ኋላ የሚሄደው በሽያጭ ዋዜማ ብቻ ነበር፤ ከእንግዲህ በየቦሎው ዋዜማ ይሄዳል። አንዳንዷም ከዜሮ በታች ወርዳ ተመላሽ ትጠይቅዎት ይሆናል።

ስለዚህ የተነበበው ቁጥር ቦሎው ላይ ይታተምልዎ፤ በዓመቱ ቁጥሯ አንሶ የመጣችውን መኪና መርማሪው በዓይኑ ይያዛት። የጭነት መኪኖቹን ሚዛን ጣቢያዎቹ ይመዝግቡልዎ፤ ለቅጣት ብቻ ሳይሆን ለዓመቱ ሒሳብም። የወፍጮ ቤቱን ሳንቲም ደግሞ ይመልሱለት።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለገንዘብ ሚኒስቴር
ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ኪሎ ሜትር ለሚያስቀንሱ ጋራዦች (ቀድመው እንዲዘጋጁ)