ቀለሙን ሳይሆን ግድግዳውን ሽጡልን

የዘንድሮ ሰው ቤት የሚገዛው በስልክ ነው። ፎቶ ይላክለታል፣ «ያምራል!» ይላል፣ ቀብድ ይልካል። በእኛ ጊዜ ቤት ገዢ ግድግዳውን በጡጫ ይደልቃል፣ ቋሚውን ይነቀንቃል፣ ጎረቤት ቤት ገብቶ ቡና ይጠጣና «ዝናብ ሲጥል እንዴት ያደርጋችኋል?» እያለ ነገር ያወጣጣል። ያ ሁሉ አሁን ኋላ ቀርነት ሆኗል። ይኸው የእህቴ ልጅ ኬንያ ውስጥ፣ ኦቦ ላይ ቤት ሊገዛ ነው ብሎ ከሞያሌ አንስቶ በሶሎሎ በኩል ይዞኝ ሄደ። ለካ የፈለገኝ ለምክር ሳይሆን ለምስክርነት ፊርማ ኖሯል።

ቤቱ ያምራል፤ እሱን አልክድም። ቢጫ ኳርትዝ ተቀብቷል፣ በሩ ዙሪያውን ቡናማ ተከፍፎለታል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ደላላው የሚያስጎበኘው ልጁን ነው፤ እኔን «አባቴ፣ ፀሐዩ አይምታዎት፤ ጥላው ሥር ይቀመጡ» ይለኛል። ሽማግሌ ከግድግዳ እንዲርቅለት የሚፈልግ ደላላ ሲገጥማችሁ ወደ ግድግዳው ሂዱ። ሄድኩ። መስኮቱ ሥር፣ ማዕዘኑ ላይ አንዲት ቀጭን ስንጥቅ አለች። ከኪሴ ምስማር አወጣሁና (ምስማር ይዤ መዞሬ ሰዉን ምን እንደሚያስቀው አይገባኝም) ስንጥቋ ላይ አድርጌ በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግኩት። ያለ መዶሻ እስከ አናቱ ገባ። ስመዘው ጫፉ ላይ እርጥብ ቡናማ ዱቄት ይዞ መጣ፤ ከዱቄቱ ጋር አንዲት ነጭ ምስጥ ተንጠልጥላ ወጣች፣ ብርሃኑ አናዷት መሰለኝ እግሯን ታወራጫለች። ለደላላው አሳየሁት።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ኳርትዝ ነው፤ ውሃ አያስገባም» አለኝ።

እኔስ የምለው ይህንኑ አይደል! ውሃ የማያስገባ ነገር የገባውንም አያስወጣም።

እዚህ አገር ብዙው ቤት በእንጨት ቆሞ በጭድና በጭቃ የተመረገ ነው። ጭቃ ይርሳል፣ ነፋስ ሲያገኝ ይደርቃል፤ እንጨቱም አብሮት ይደርቃል። አስፋልቱ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ከገባ ወዲህ ግን ሲሚንቶ እንደ ልብ ሆነና የጭቃ ቤት ያለው ሁሉ ብሎኬት መምሰል አማረው። ጭቃው ላይ ሲሚንቶ ይለስናል። ሲሚንቶና ጭቃ ደግሞ ተስማምተው አይኖሩም፤ ጭቃው ሲያብጥና ሲኮማተር ሲሚንቶው ግትር ነው፣ ይለያያሉ፣ መሃላቸው ባዶ ይቀራል። ልስኑ ሲሰነጠቅ ባለቤቱ ስቱኮ ይሞላበታል፣ በስቱኮው ላይ ኳርትዝ ይደርብበታል። ኳርትዝ ማለት የደቀቀ ድንጋይ በፕላስቲክ ሙጫ ተለውሶ ነው። ላብ ያለበትን እግር ፕላስቲክ ቦት ውስጥ ከትቶ መዋል ነው እንግዲህ። ውሃው በመስኮቱ ጠርዝ፣ በጣሪያው መጋጠሚያ፣ ከመሬትም ተስቦ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። ምስጥ ጨለማና እርጥበት ይወዳል፤ ሁለቱን አዘጋጅተውለታል፣ ቀለቡንም ጨምረው።

ይህን ስናገር የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ አሜሪካ እኮ ቤቱ ሁሉ የሚለሰነው በእንዲህ ዓይነት ነው» አለኝ። አሜሪካን ለእኔ! ሰው ሠራሹን ልስን የጀመሩት ጀርመኖች ናቸው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ። ፎም ይለጥፋሉ፣ በፎሙ ላይ ከመስታወት ክር የተሠራ መረብ በማጣበቂያ ይቀብራሉ፣ ከላይ ቀለም ያለው አክሪሊክ ይለስናሉ። የለጠፉት ግን ድንጋይና ጡብ ላይ ነው፤ ድንጋይ ቢርስ አይበሰብስም። አሜሪካኖቹ በፈረንጆች 1960ዎቹ መጨረሻ ወሰዱትና የእንጨት ቤት ላይ ለጠፉት። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ዊልሚንግተን በምትባል ከተማ፣ ገና ቀለማቸው ያልደበዘዘ ቤቶች ሲፈተሹ ከልስኑ ኋላ ያለው እንጨት በስብሶ ተገኘ። ልስኑ እንደተባለው ውሃ አላሳለፈም፤ ውሃው የገባው በመስኮቱና በጣሪያው መጋጠሚያ ነው። ከዚያ በኋላ ከልስኑ ጀርባ ውሃ የሚንቆረቆርበት መውረጃ መተው ጀመሩ። ደላላችንን «የዚህ ቤት መውረጃ የቱ ጋ ነው?» ብለው አሸንዳውን አሳየኝ።

ጎንደርስ ቢሆን? ጣሊያን በወረራው ዘመን ፋሲል ግቢን ልጠግን ብሎ ሲሚንቶ አስገባበት። ከእሱ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ያንን ሲሚንቶ እየፈነቀሉ በኖራ ሲተኩ ኖሩ። የንጉሥ ቤት ያልቻለውን የኦቦ ጭቃ ቤት ይችላል?

ደግሞ የሚያስጎበኙት በደረቁ ወራት ነው። የዚህ አገር ዝናብ ሁለቴ ነው፤ ቦረናዎቹ ጋና የሚሉት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሀጋያ የሚሉት ጥቅምትና ኅዳር ላይ። ዝናቡ እንዳባራ የሚሸጥ ቤት ያለው ደላላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያኔ ስልኩ አይነሳም። ስለዚህ ቤት ማየት የሚፈልግ ሰው ጋናን ይጠብቅ። መጠበቅ ያልቻለ ደግሞ በጣቱ መገጣጠሚያ ከላይ እስከ ታች ያንኳኳ፤ ደህናው ቦታ ድፍን ድምፅ አለው፣ የተላቀቀው ባዶ ያስተጋባል። ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበትን ጎንበስ ብሎ ይይ፤ ልስኑ አፈር ውስጥ ከገባ ምስጡ መንገድ ተጠርጎለታል፣ ከአፈሩ ቢያንስ ስንዝር ከፍ ማለት አለበት። ጣሪያው ወደ ውጭ ካልወጣ ዝናቡ በቀጥታ ግድግዳውን ይገርፈዋል። ከሁሉ የምጠረጥረው ግን ገበያ ከመውጣቱ በፊት አዲስ የተቀባን አንድ ግድግዳ ነው፤ ሦስቱ ደብዝዘው አንዱ ብቻ ካበራ፣ የበራው ታሟል።

ጥገናውንም እንደሆነ አበላሽተውታል። ስንጥቅ ታየ ሲባል ሲሊኮን ይጨምቁበታል፤ ያቺው አንዲት የቀረችው መተንፈሻ ትደፈናለች። የሚገባው አስቀድሞ ውሃው የሚገባበትን መፈለግ ነው፤ መስኮቱን ማስተካከል፣ ጣሪያውን ማስረዘም፣ አፈሩን ከግድግዳው ማራቅ። ከዚያ የተላቀቀው ሁሉ ጤነኛ ጭቃ እስኪገኝ ድረስ ይፈንቀል፣ የበሰበሰው ማገር ይቀየር፣ ግድግዳው ክፍቱን ይድረቅ። ይድረቅ ስል የማክሰኞውን ሐሙስ ማለቴ አይደለም፤ በጋ ሙሉ ነው። ሲደርቅ ጭድና ጭቃ፣ ላዩን ኖራ። እንደ ፈረንጆቹ ፎም ያለው ቤት ከሆነ የራሰው ፎም ተቆርጦ ይወጣል፣ አዲሱ መረብ በአሮጌው ላይ አራት ጣት ያህል ይደረባል፤ ጠርዝ ለጠርዝ ካጋጠሙት በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ይህን ለግንበኛ ስትነግሩት ሰዓቱን ያያል።

የወረቀቱን ነገርማ ተዉት። በኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት መሠረት ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት የሚይዘው በሊዝ ነው፤ ቢበዛ ለ99 ዓመት። የእህቴ ልጅ ይህንን ሲሰማ «99 ዓመት አይበቃም አጎቴ?» አለ። ዓመቱስ በቅቷል፤ ግድግዳው ሀጋያን የሚሻገር አይመስለኝም።

ቀብድ ከመክፈላችን በፊት መስኮቱ ሥር ክንድ በክንድ ልስን ይፈንቀልና ውስጡን እንይ ብዬ ያዝኩ። ደላላው «አባቴ፣ የሰው ግድግዳ ይበላሻል» አለ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ባለቤቱ ራሱ ፈነቀለው። ሁለት ቋሚ ወደ ዱቄት ተለውጧል፤ ሦስተኛው በምስጡ ቸርነት ግማሹ ቀርቷል። ዋጋው እዚያው ቆመን ወረደ። ደላላው ከዚያ ወዲያ ጥላ ሥር ተቀመጡ አላለኝም።

የእህቴ ልጅ ግን ያሳሰበው ሌላ ነው። የተጠገነው ቦታ ቀለም ከቀረው ጋር ይመሳሰላል ወይ ይለኛል። አይመሳሰልም! ፀሐይ የበላው ኳርትዝ ከአዲሱ ጋር አይገጥምም፤ ግድግዳው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አንድ ላይ ካልተሠራ የተጣፈው ከሩቅ ይታያል። ለዚያ ገንዘብ የለኝም አለ። ለደላላው ግን ነበረው።