ዳክዬዋን ማን ባረካት?

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ውስጥ ከሐጂ ጋር አጥር ለአጥር ተጎራብተን ስንኖር አብረን ቡና ያልጠጣንበት ቀን የለም፤ አብረን ሥጋ የበላንበት ቀንም የለም። ይህን ለጅማ ሰው ብነግረው "ታዲያ ምኑ ይገርማል?" ይለኛል። ለሌላው ላስረዳ። በእኛ አገር ሥጋ ሃይማኖት አለው። ሥጋ ቤቱ በር ላይ ወይ መስቀል ወይ ጨረቃ ታያላችሁ። በሬው በስመ አብ ተብሎ ከታረደ የእኔ፣ ቢስሚላህ ተብሎ ከታረደ የሐጂ ነው፤ በሬውን ሃይማኖቱን የጠየቀው ግን የለም። ልጄን የዳርኩ ጊዜ በጎቹን ከነነፍሳቸው ወደ ሐጂ ግቢ ነዳኋቸው። እዚያው ታርደው፣ እዚያው ተሠርተው፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቼ በተተከለው ድንኳን ተበሉ። ሐጂ በልተው፣ ጠግበው፣ ሙሽሮቹን መረቁ። እኔ ከገዛ በጌ የደረሰኝ ሽታው ብቻ ነው። ማንም አልተቀየመም፤ የጅማ ሠርግ እንዲህ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሁለት ሽማግሌዎች ቦሌ ውስጥ፣ በሩ ላይ ቀይ ፋኖስ በተንጠለጠለበት፣ ዘበኛው ከእኔ የተሻለ ሱፍ በለበሰበት የቻይና ሬስቶራንት ምን አገባቸው? ቡና ነው ያገባን።

ሐጂ ቡና አቅራቢ ናቸው። ከጎማና ከጌራ ገበሬ ጀንፈል ይገዛሉ፣ ያስፈለፍላሉ፣ በጆንያ አስጭነው ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ። ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ምርት ገበያ ከገባ በኋላ የሐጂ ጆንያ ከማን ማሳ እንደመጣ የሚጠይቅ ጠፍቶ ነበር፤ በየደረጃው ይደባለቅና "ጅማ አምስት" ተብሎ ይሸጣል። ሐጂ ይህን ስም ሲሰሙ ዛሬም ፊታቸው ይጠቁራል። "ቡና የተገኘው እኛው ጋ፣ ጮጬ ነው። የተገኘበት አገር እንዴት አምስተኛ ይወጣል?" ይላሉ። አሁን አቅራቢና ላኪ ፊት ለፊት መዋዋል ስለሚችሉ ነገሩ ተለውጧል፤ ገዥም ቡናው ከየት እንደመጣ ልይ ብሎ ይመጣል። ከሚመጡት መካከል ደግሞ ቻይናዎች በዝተዋል። የሻይ አገር የምንላት ቻይና ቡና ለምዳለች፤ "ላኪን" የሚባል የካፌ ኩባንያ በ2010 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ2015 ዓ.ም. እዚያው ቻይና ውስጥ በሽያጭ ስታርባክስን ጥሎት አልፏል። ይህን ለሐጂ ብነግራቸው አልተደነቁም፤ "ታዲያ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ ጀንፈል ከየት ሊመጣ ነው?" ብለው መጨነቅ ጀመሩ።

ቻይና ራሷ ለእኛ ሰፈር እንግዳ አይደለችም። የጅማን ኢንዱስትሪ ፓርክ የሠሩት እነሱ ናቸው፤ በ2011 ዓ.ም. ተመርቋል። ድሮ ነጭ ሲያዩ "ፈረንጅ!" እያሉ ይከተሉ የነበሩ የሰፈራችን ልጆች ዛሬ ጀርመኑንም "ቻይና!" ይሉታል። አንድ ማዕድ ቀርቦ መብላት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥር ላይ አንድ ቻይናዊ ገዥ በአንድ ላኪ በኩል ሐጂን አስጠራቸው። ሐጂ እኔን አስከተሉኝ፤ ዕድሜ ልኬን እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ላስተረጉም። 350 ኪሎ ሜትሩን እንዴት እንደጨረስነው አላወራም፤ የግቤን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። ደርሰን ስንጨባበጥ ሰውየው ከእንግሊዝኛ የሚያውቀው "ሄሎ" እና "ጉድ" ብቻ መሆኑ ታወቀ። በቃ፣ ሥራ ፈታሁ።

ጠዋት ቡናው ቅምሻ ላይ ቀረበ። ቀማሾቹ በማንኪያ ይጨልፉና በኃይል ምገው፣ አፋቸው ውስጥ አንሸራሽረው ይተፉታል። ሙያው እንዲህ ነው ብዬ ለሐጂ ላስረዳ ብል አልተቻለም። "ካልጣመው ለምን ይገዛዋል? ከጣመው ለምን ይተፋዋል?" አሉኝ። ቻይናዊው ግን "ጉድ!" አለና ለራት ጠራን። ወሩ ፍስክ ነው፤ ቀኑም ረቡዕ ወይም ዓርብ አይደለም። ሥጋ ልበላ ቆርጬ ሄድኩ።

ጠረጴዛው ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ የሚሽከረከር ሰፊ መስታወት አለ። ሳህኑ ሁሉ እዚያ ላይ ይደረደርና እያንዳንዱ የፈለገውን ወደ ራሱ አዙሮ ያነሳል። ሐጂ አንዱ ሳህን ላይ ዓይናቸውን ጥለው እጃቸውን ሲሰዱ ላኪው ከማዶ ያዞረዋል። "መምህር፣ ራቴ ጥሎኝ ሄደ" አሉኝ።

ከሁሉ በፊት የመጣው ሻይ ነበር። ስኳር የለውም፤ ሲኒዋም ጆሮ የላትም። ሐጂ ገልብጠው ሥሯን አዩና "የእኛው ናት" አሉ፤ ጅማ መርካቶ የሚገዙት ሲኒም የቻይና ነው። ከዚያ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፍተው ምን ቅጠል እንደተጨመረበት መረመሩ፤ ክዳኑንም ከጎኑ አስቀመጡት። አስተናጋጇ መጥታ ሞላችው። ጠጡ፤ አሁንም ከፍተው አዩ። አሁንም ሞላችው። በደቡብ ቻይና ክዳን ከፍቶ መተው "ጨምሩልን" ማለት ነው፤ ልጅቷ ይህን እስክትነግረን ድረስ ሐጂ የቀረበላቸውን መመለስ ነውር ነው ብለው ሁሉንም ጠጡት። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ያበቃል፤ ይህ ሻይ ግን በረካ የለውም።

ስለ ቾፕስቲኩ ብዙ አልልም። ሐጂ ሁለቱን እንጨት አስተያዩና "ሁለት ዘነዘና ሰጥተውን ሙቀጫው የት አለ?" አሉ፤ ማንኪያ መጣልን።

አስተናጋጇ የወልቂጤ ልጅ ናት። ቻይንኛውን ስታንበለብለው ቻይናዊው ራሱ ቀና ብሎ ያያታል። የት ተማርሽው ብላት "እዚሁ፣ ወጥ ቤት" አለችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰዋስው ሳስጠና የኖርኩ ሰው ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ አልናገርም።

ሜኑው በሥዕል የተሞላ ነው። ሐጂ ዋጋውን የሚያነቡት በፈረሱላ ነው፤ 17 ኪሎ ቡና ስንት ሳህን እንደሚያወጣ ያሰላሉ። አንዱ ገጽ ላይ ደርሰው "ይሄ የግማሽ ፈረሱላ ነው" ብለው በጆሮዬ ነገሩኝና ሰው ሳያይባቸው ገለጡት። ከዚያ ምርመራው ተጀመረ።

"ይሄ ምንድን ነው፣ ልጄ?"

"አሳማ ነው፣ አባባ።"

ገጹ ተገለጠ። እዚህ ላይ እኔና ሐጂ አንድ ነን፤ በአሳማ ጉዳይ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ተጣልተው አያውቁም።

"ይሄስ?"

"እሱም አሳማ ነው። አቆራረጡ ነው የተለየው።"

"ይሄ ጠቆር ያለው?"

ላኪው ጣልቃ ገብቶ "አህያ ይሆናል" አለና ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የቻይኖች የአህያ ቄራ ተከፍቶ፣ ሕዝቡ ተቆጥቶ መዘጋቱን አልረሳነውም። ሐጂ ደግሞ ጀንፈሉን ከገበሬው ጓሮ እስከ መኪና መንገድ የሚያደርሱላቸው አህዮች አሏቸው። የሥራ ባልደረባ አይበላም።

"ኧረ የበሬ ነው፣ አባባ!" አለች ልጅቷ።

"ማን አረደው?"

ወጥ ቤት ገብታ ተመለሰች። "ከቄራ ነው የመጣው አሉ።"

"ከየትኛው ወገን?" አልን እኔና ሐጂ እኩል። አዲስ አበባ ቄራም ቢሆን የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ማረጃ ለየብቻ ነው። አሁንም ገባች፤ ስትመለስ ሳቋን አፍና ይዛ ነበር። "ሼፉን ጠየቅሁት። 'ከበሬ ወገን' አለኝ።"

ከዚያ ዳክዬዋ መጣች። ነጭ ቆብ የደፋ ወጥ ሠሪ በጋሪ እየገፋ አመጣትና ፊታችን ቆሞ ይቆራርጣት ጀመር። ቆዳዋ ቀልቶ፣ ወዝቶ፣ ቢላው ባለፈ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሥጋዋ ከሽንኩርት ቅጠልና ከኪያር ጋር ስስ ቂጣ ላይ ይደረጋል፣ ጣፋጭ ስጎ ይቀባል፣ ይጠቀለልና በእጅ ይበላል። በእጅ! ምሽቱን ሙሉ ስንጠብቀው የነበረው ወግ ያለው አበላል ይኸው መጣ። ሐጂ አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው።

"ማን ባረካት?" አልኩ።

"ማን ቢስሚላህ አለባት?" አሉ።

"ይቺ በረዶ ሆና በካርቶን ነው የመጣችው" አለች ልጅቷ። "ማን ምን እንዳለባት በምን ይታወቃል?"

ዝምታው ሲከብድ የአስተማሪ አመሌ ተነሣብኝና ታሪክ ጀመርኩ። የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ቾው ኤንላይ ጥር 1956 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ከጃንሆይ ጋር መገናኘታቸውን፣ በ1963 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች የዲፕሎማሲ ግንኙነት መመሥረታቸውን፣ በዓመቱ ጃንሆይ ቤጂንግ ድረስ ሄደው ከማኦ ጋር መጨባበጣቸውን አወራሁ። ሐጂ ዓይናቸውን ከዳክዬዋ ሳይነቅሉ አዳመጡኝ።

"ጃንሆይስ በሏት?"

"ይህ ፈተና ላይ አይመጣም" ብዬ አለፍኩት። ላኪው ግን በላ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነው፤ የእኛንም ድርሻ በላ።

የቀረን ዓሣ ነው። ዓሣ አይታረድምና የአራጁ ሃይማኖት አይጠየቅም። ሙሉውን ከነጭንቅላቱ፣ በዝንጅብል በእንፋሎት በስሎ ቀረበ። ቻይናዊው መስታወቱን አዞረ፣ አዞረና የዓሣው ጭንቅላት ሐጂ ፊት ሲደርስ አቆመው፤ ለክቡር እንግዳ የሚደረግ ወግ ነው። ሐጂና ዓሣው ዓይን ለዓይን ተፋጠጡ። "ምን አድርጌው ነው እንዲህ የሚያየኝ?" ብለው በዘዴ ወደ እኔ አዞሩት። ቻይናዊው ፈገግ ብሎ መለሰው። ቀጥሎ በቾፕስቲኩ የዓሣውን ጉንጭ ፈልቅቆ አወጣና ሐጂ ሳህን ላይ አኖረው። "ምርጡ እሱ ነው፤ አክብሮዎት ነው" አለች ልጅቷ።

ሐጂ ጉርሻ ተቀብሎ ዝም የሚል ቤት አላደጉም። ሩዙንና ዓሣውን በጣታቸው ጠቅለል አደረጉ፣ ከወንበራቸው ተነሡ፣ በመስታወቱ ላይ ተንጠራርተው "በአላህ ይዤሃለሁ፣ ብላ!" አሉት። ሰውየው ላኪውን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ የሐጂን ጣት አየ፤ አፉን ከፈተ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው ሲመጣ አፉን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። "የቡናው ዋጋ ዛሬ አይወርድም" አለኝ ላኪው፣ ዳክዬዋን እያኘከ።

ቶፉም ነበር። ከአኩሪ አተር የሚሠራ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የራሱ ጣዕም የሌለው ምግብ ነው። አኩሪ አተር ጅማ ዙሪያም ይዘራል፤ እኛ የምናውቀው ግን ለዘይትና ለመኖ ነው። ቀይ ወጥ ለብሶ ሲመጣ ደስ ብሎን ማንኪያ ስንሰድ ልጅቷ "ቆይ ቆይ! የተፈጨ አሳማ አለበት" ብላ ከአፋችን መለሰችው። ለካ ቶፉም አይታመንም። ሌላ ያለ ሥጋ አሠራችልን። የሲቹዋን ቅመም ነበረበትና ምላሳችን ድንዝዝ አለ። "በርበሬ ያቃጥላል እንጂ ያደነዝዛል እንዴ? ያ ረቢ!" አሉ ሐጂ፤ ግን አልተዉትም።

ራቱ ሲያልቅ ከፊታችን የቀረውን አየሁ። የዓሣ አጥንት፣ ቶፉ፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ደበርጃን፣ ጎመን፣ ሩዝ። ፍስክ ነው ብዬ የወጣሁ ሰው ሁዳዴን ጀምሬ ቁጭ ብያለሁ። ሐጂም እንደኔው። ሽሮ አብረን በልተን እናውቃለን፤ የክብር ግብዣ ላይ፣ ሥጋ በቀረበበት ማዕድ፣ ከአንድ ሳህን ስንበላ ግን ይህ የመጀመሪያችን ነበር። ለልጄ ሠርግ ሁለት ድንኳን ያስተከለኝን ነገር ቻይናዊው በአንድ ጠረጴዛ ፈታው፤ ሁለታችንም እኩል የማናምነው ሥጋ አቀረበልን።

ሒሳብ ሲመጣ ሐጂ ኪሳቸው ገቡ፤ በዚህ በኩል ቻይና ከእኛ አትሻልም፣ እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል ብሎ መጓተት እዚያም አለ። ሰውየው ግን ቅድም እጄን ልታጠብ ብሎ ሲነሣ ከፍሎ ኖሯል። ሐጂ ዘዴውን በልባቸው መዘገቡት።

ቡና ስንጠይቅ ማሽኑ ዛሬ አይሠራም ተባልን። የቡና ውል የተነጋገርንበት ጠረጴዛ ላይ ቡና የለም! ሐጂ ሁላችንንም አስነሥተው ከአጥሩ ውጭ ጀበና ጥዳ ወደ ተቀመጠች ሴት ወሰዱን። ቻይናዊው በርጩማ ላይ ተቀምጦ አቦሉን ጠጣ። ሐጂ ጉሮሮውን ትክ ብለው ተመለከቱ። ዋጠው።

"አሁን ገና ገዛ" አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ሥጋችሁ የማይገናኝ ወዳጅ ካላችሁ ቻይና ቤት ጋብዙት። ዓሣ እዘዙ፤ ቶፉውን ሥጋ አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ የማንቆርቆሪያውን ክዳን አትክፈቱ። ቡናችሁን ግን ቤታችሁ ጠጥታችሁ ሂዱ።