ቤትዎ ከእግሩ እንዲበሰብስ ከፈለጉ

ይህ ምክር የተገላቢጦሽ ነው። ቤት እንዲጸና ምን መደረግ እንዳለበት የማያውቅ ሰው በከተማችን በተጂ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ግንበኛው ያውቃል፤ አናጢው ያውቃል፤ ግድግዳ ስትመርግ ያደገች እናት ከሁሉም በላይ ታውቃለች። ሆኖም ክረምት በወጣ ቁጥር ግድግዳው ከሥሩ ተፈርፍሮ፣ በሩ አልዘጋ ብሎ፣ ልጆችም ሲያስሉ አድረው እናገኛለን። እውቀቱ አለ፤ ጥፋታችንን ግን በስሙ አንጠራውም። ስለዚህ ቤት የሚፈርስበትን መንገድ እንደ መመሪያ አድርጌ ጽፌዋለሁ። የለመዱትን ነገር ሲያገኙበት እባክዎ እዚያው ላይ ይቁሙ።

ከጊዜው ይጀምሩ፤ ግንቦትን በከንቱ ያሳልፉት። በግንቦት ጣራ ላይ ወጥቶ ምስማር መምታት፣ አሸንዳ መጥረግ፣ ለምርጊት ጭቃ ማቡካት ይቻላል። ቦዩም ያኔ ይቆፈራል፤ አፈሩ ደርቆ ዶማ ቢያስቸግርም ጭቃ ሆኖ ዶማውን ከሚይዘው ይሻላል። እርስዎ ግን «ገና ነው፣ ሰኔ ይግባ» ይበሉ። ሰኔ ሲገባ ሌላ ሥራ አይጠፋም። ሐምሌ ሲመጣ ደግሞ መሬቱ ለመሰላል እግር እንኳን አይጸናም፤ ያን ጊዜ «ዘንድሮስ አለፈን» ብለው ለከርሞ ያስተላልፉታል። አንድ ዓመት የተዘለለ ጥገና በሚቀጥለው ዓመት እጥፍ ሆኖ ይጠብቃል።

ስለ መሬቱ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ከእሱ ይጀምራልና። ከሰበታ ወጥተው በጅማ መንገድ ተፍኪን፣ ተጂን፣ አስጎሪን አልፈው ወደ ቱሉ ቦሎ ሲሄዱ ግራና ቀኝ የሚያዩት ጥቁር አፈር ኮትቻ ነው። በሀገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይሸፍናል ተብሎ ይገመታል። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ የሚከፈተው ስንጥቅ ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርዳል። የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ስንጥቅ ቁልቁል ይገባል፤ ከዚያ አፈሩ ተነፍቶ ይገጥማል፣ ከላዩ ያለውንም ሁሉ ያነሣል። ቤት ሙሉ በሙሉ እኩል ቢነሣ ባልከፋ ነበር። ውሃ የሚፈስበት ጥግ ይነሣል፣ ደረቁ ጥግ ይቀራል፤ በመሐል ያለው ግድግዳ ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። በሩ ከመቃኑ ጋር መተሻሸት ሲጀምር አናጢ ጠርተው በሩን ያስላጉታል፤ በጥር መሬቱ ሲወርድ ያው በር በጎኑ ብርሃን ያስገባል። ጥፋቱ የበሩ አልነበረም።

በዚህ መንገድ ዳር ያለው የበቾ ሜዳ ገበሬ ይህን አፈር አሳምሮ ያውቀዋል። ሽምብራና ጓያውን የሚዘራው ክረምቱ ሲያበቃ፣ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው፤ በሐምሌ ቢዘራው ውሃ ተኝቶበት ሥሩ እንደሚበሰብስ አይቷል። ማሳው ላይ ውሃ የሚያወጣ ፈር ያበጃል። ጤፉን የሚያኖርበትን ጎተራ ደግሞ በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ ያቆመዋል፤ ከሥሩ አየር ያልፋል፣ ምስጥም ሲወጣ በዓይን ይታያል። ያው ሰው ከተማ ገብቶ ቤት ሲሠራ ልጆቹን እርጥብ መሬት ላይ ማስተኛቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ወደ ጣራው። ጠፈጠፉን እንዳለ በግድግዳው ሥር ይጣሉት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 60 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ በአንድ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር፣ ማለትም 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ስድስት ጊዜ ሞልቶ ከግድግዳዎ እግር ላይ ተደፋ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አብዛኛው በክረምት። በዚያው ጣራ ላይ በዓመት የሚወርደው በበርሜል ሲቆጠር ከ300 ያልፋል። ይህን ሁሉ ውሃ አርቆ የሚያፈስ አሸንዳና ቦይ አለማበጀት ቤትን ለመጣል የመጀመሪያው መንገድ ነው።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፤ አሸንዳውን ገጥመው ቱቦውን ከቤቱ ማዕዘን ሥር ይቁረጡት። ዙሪያውን ተበትኖ ይወርድ የነበረው ስድስት በርሜል ውሃ አሁን በአንድ ነጥብ ላይ ይወርዳል። ኮትቻው እዚያ ጥግ ብቻ ያብጣል። አሸንዳ አስገጥመው ሳለ ቤታቸው የባሰበት ሰዎች «አሸንዳ አይረባም» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የጎደለው ውሃውን ከቤቱ የሚያርቅ ሁለት ሜትር ቱቦና ቁልቁል የያዘ ቦይ ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠል የሞላውን አሸንዳም እንዳለ ይተዉት። ሞልቶ ወደ ኋላ ሲፈስ በግድግዳው ራስ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል፣ ኮርኒሱን ያጠቁረዋል። ቦዩንም በፌስታልና በሃይላንድ ይድፈኑት።

አዋሽን ከዚህ ነጥዬ ላንሣው። ወንዙ ከግንጪ አካባቢ ከፍታ ተነሥቶ የበቾን ሜዳ እየተጠማዘዘ ያቋርጣል፤ ሜዳው ዝርግ በመሆኑ በብዙ ክረምት ከዳርቻው ይወጣል። ያ ጎርፍ በአንድ ግቢ ቦይ አይመለስም፣ የመንግሥትና የአካባቢው ሁሉ ሥራ ነው። እኔ የማወራው በራስዎ ጣራ ላይ ወርዶ በራስዎ መሠረት ስለሚገባው ውሃ ነው፤ የብዙውን ሰው ቤት በዝምታ የሚያፈርሰው እሱ ነው።

ውሃ ልኩን መቅበር ሌላው መላ ነው። ግንበኛው ድንጋዩን ከመሬት በላይ አውጥቶ ውሃ ልክ አስይዞ ይሰጥዎታል። እርስዎ በየዓመቱ አመድ፣ የተረፈ ገረጋንቲ፣ የሽንት ቤት ቁፋሮ አፈር ወደ ግድግዳው ያስጠጉ። ከደጅ ያለው መንገድም በገረጋንቲ ወይም በኮብልስቶን ከፍ እያለ ይሄዳል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የውጪው መሬት ከቤቱ ወለል በላይ ይሆናል፤ ጭቃው ግድግዳም አፈሩን ነክቶ እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን ወደ ላይ ይስባል። ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ጥቁር መስመር፣ ከመስመሩ በላይ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ካዩ ተሳክቶልዎታል። የተጠጋውን አፈር አካፋ ይዞ መጥረግ ግን የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ባሕር ማዶ ያሉ የአንዳንድ ዘመዶቻችን ቤት ከወለሉ ሥር ሰው ተንፏቆ የሚገባበት ባዶ ቦታ አለው። መሬቱን በላስቲክ ይሸፍኑታል፤ እርጥበት የሚመጥና ውሃ የሚያወጣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ያስገቡና በዓመት አንድ ጊዜ ያስፈትሹታል። በእኛ ሀገርም በአዲስ አበባ በቀደመው ዘመን የተሠሩ የጣውላ ወለል ያላቸው ቤቶች ከድንጋዩ መሠረት ላይ የአየር ቀዳዳ ይተውላቸው ነበር። ያን ቀዳዳ ለማበላሸት ቀላሉ መንገድ «አይጥ ይገባበታል» ብሎ በሲሚንቶ መድፈን ነው። አይጡ ሌላ በር ያገኛል፤ አየሩ ግን ይቆማል፣ ጣውላውም ከታች በኩል ይላሽቃል። ወንፊት ሽቦ ቢመታበት አይጡ ቀርቶ አየሩ ይገባ ነበር።

የጭቃ ቤት ከሆነ ቋሚዎቹን አይመልከቱ። የባሕር ዛፍ ቋሚ የሚበሰብሰው ከጥልቁ ጫፍ ሳይሆን ከመሬቱ ገጽ ላይ ነው፤ እርጥበትና አየር የሚገናኙት እዚያ ነው። እንጨት ውስጥ ያለው ውሃ ከክብደቱ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አይበሰብስም። ለዚህ ነው አባቶች ጫፉን በእሳት ለብልበው ወይም ካትራሜና የተቃጠለ ዘይት ቀብተው የሚተክሉት። ምርመራው ቀላል ነው፤ ምርጊቱን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በትንሹ ቆርሰው ቋሚውን በቢላዋ ጫፍ መውጋት። ጤነኛ እንጨት ቢላዋውን ይመልሰዋል። የታመመው እስከ እጀታው ያስገባዋል፤ ሲነቅሉት ቡናማ ዱቄት ተከትሎ ይወጣል። ከወለል ወደ ማገሩ የሚወጣ የጭቃ መስመርም ካለ ምስጡ ገብቷል። አንዱን ቋሚ በጊዜ መቀየር በአንድ ቀን ያልቃል፤ ዘንበል ያለን ቤት ማቃናት ግን ሙሉ በጋ ይፈጃል።

ጭቃውን በሲሚንቶ መለሰን ደግሞ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው፤ ቤቱ የብሎኬት ይመስላልና። ጭቃ በእርጥበት ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ ሲሚንቶ አብሮት አይንቀሳቀስም። ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ከኋላው ይከማቻል። ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ አንድ ቀን በሰፌድ ሙሉ ይወርዳል። በጭድ በደንብ የቦካ ጭቃ፣ በላዩ ኖራ፣ ከሥሩ ከፍ ያለ ድንጋይ፤ ለጭቃ ቤት ይህ ያዋጣል።

ከሁሉም ጥፋት የማዝነው በጳጉሜው ነው፤ በደስታ የሚሠራ ስለሆነ። ለእንቁጣጣሽ ቤት ማሳመር ደግ ልማድ ነው። ግን ሐምሌንና ነሐሴን ውሃ ሲጠጣ የከረመ ግድግዳ በጳጉሜ ፕላስቲክ ቀለም ይቀባል። ውሃው በቀለሙ ታሽጎ ይቀራል፤ በጥቅምት ፀሐይ ሊወጣ ሲል ቀለሙ እየተነፋ ይላጣል፣ ከኋላውም ሻጋታ ይገኛል። መቀባት ይቻል እንደሆነ ለማወቅ አንድ የላስቲክ ቁራጭ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፈው ያሳድሩት። ጠዋት ከላስቲኩ ጀርባ ጤዛ ካለ ግድግዳው አልደረቀም። ለበዓሉ ኖራ ይበቃዋል፤ ቀለሙን ለገና ያቆዩት።

ውስጡን ለማርጠብ ደግሞ መስኮቱን ዘግተው ልብሱን ክፍሉ ውስጥ ያስጡ፤ ለማሞቅ ከሰል ያስገቡ። እዚህ ላይ የተገላቢጦሹን ትቼ በቀጥታ ልናገር፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሰው ይገድላል። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስዳል። ግድግዳም አያደርቅም። እርጥበት የሚያወጣው ከዝናብ በኋላ ፊትና ኋላ ተከፍቶ የሚያልፍ አየር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ በእንዲህ ዓይነት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለአስምና ለሌላ የመተንፈሻ ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጡ አስፍሯል። «ልጁን ብርድ መታው» ብለን በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ ከመመላለሳችን በፊት የሚተኛበትን ግድግዳ በመዳፋችን መንካት ይገባናል።

የመጨረሻው ምክር ለአከራይ ነው። ሰርቪሱን በግቢው ዝቅ ባለው ጥግ፣ ውሃው ሁሉ በሚሰበሰብበት ይሥሩት። ውሃ ልክ አያስፈልገውም ይበሉ፤ ወለሉን አፈር ላይ በቀጥታ ያፍስሱት፤ መስኮት አንድ፣ እሱም የማይከፈት። የዋናውን ቤት አሸንዳ ወደ እሱ ጣራ ያውርዱት። ተከራዩ ሲያማርር «ክረምት ነው፣ ለሁሉም እኩል ነው» ይበሉት። ለሁሉም እኩል አይደለም። በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም፣ በተጂም እነዚህን ክፍሎች የሚከራዩት ሥራ ፍለጋ የመጡ ወጣቶችና ጨቅላ የያዙ እናቶች ናቸው፤ ግድግዳውን ለማስጠገን ሥልጣን የላቸውም፣ ከፍ ያለ ኪራይ ከፍለው ለመውጣትም አቅም የላቸውም። ለዚያ ክፍል ሁለት ሜትር ቱቦ፣ አንድ የሚከፈት መስኮትና የአንድ ቀን ቁፋሮ ይበቃዋል። ይህን ሳያደርጉ፣ የዚያን ክፍል ቋሚዎችም በቢላዋ ሳይፈትሹ የዘንድሮን ኪራይ አይጨምሩ።