የአገጭ ንግድ ይለምልም

ቃሊቲ ብረታ ብረት መሸጫ ሱቅ ግቡና «ባለ 12 ፌሮ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለሱቁ ከስልኩ ቀና አይልም። አገጩን አንድ ጣት ያህል ወደ ጎን ያነሣል። በቃ፣ መልሱ ይኸው ነው። አለ ማለቱ ይሁን፣ የለም ማለቱ ይሁን፣ ጎረቤት ጠይቅ ማለቱ ይሁን፣ እንደ ገዢው ዕድል ነው። «ስንት ነው?» ስትሉ ደግሞ ቅንድብ ይመጣል። ስናደድበት የኖርኩትን ይህን ጥበብ ዛሬ ላወድሰው ቆርጫለሁ።

በሆቴል አዳራሽ ስለ ቢዝነስ ተግባቦት የሚያሠለጥኑን ሰዎች «ከምንግባባው 93 በመቶው ያለ ቃል ነው» ማለት ይወዳሉ። የቁጥሩ ምንጭ የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ሜህራቢያን ግን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ያጠናው ሰው መውደዱንና መጥላቱን እንዴት እንደሚገልጽ እንጂ የፌሮ ዋጋ አልነበረም። የቃሊቲው ነጋዴ ግን 93ቱን አልፎ መቶ ደፍኗል። ደግሞስ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሁሉ በደጁ እያጓራ ሲያልፍ ጉሮሮውን ለምን ያድክም?

ሕጉም ከጎኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1681 ውልን በቃልና በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በተለመደ ምልክትም መቀበል ይቻላል ይላል። እንግዲህ አገጭ ውል ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ይድረስና እንየው። ከሳሽ «አገጩን ሲያነሣ በ200 ቤርጋ ተስማምተናል» ይላል። ተከሳሽ «ዝንብ ነው ያባረርኩት» ይላል። ዳኛው የአገጭ ባለሙያ ያስጠራሉ። ባለሙያው ማዕዘን መለኪያውን ይዞ ይቀርባል፦ 15 ዲግሪ «አለ»፣ 30 ዲግሪ «አለ፣ ለአንተ ግን አይደለም»፣ ከ45 በላይ «መጋዘን ነው፣ ነገ ና»። ተከሳሹ በቀጠሮው መሀል ጢሙን አሳድጎ ስለመጣ ልኬቱ አልሆን ይላል። ይላጭ ተብሎ ይታዘዛል፤ ጢሙ በኤግዚቢትነት ይያዛል። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ደግሞ የቅንድቡ ነገር አልተጣራም ብሎ መዝገቡን ወደ ሥር ፍርድ ቤት ይመልሳል። እስከዚያ ፌሮው ዝጓል፤ ከሳሽም በጭቃ ቤት ሠርቶ ገብቷል።

የሥራ ዕድሉም አይናቅም፤ በየሱቁ ደጅ አንድ አንድ የአገጭ አስተርጓሚ ቢቆም ስንት ወጣት ይቀጠራል።

የሶማሌ ግመል ነጋዴዎችም እኮ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በጨርቅ ሸፍነው፣ ያለ ቃል ይገበያያሉ። እዚያ ግን እያንዳንዱ ጣት ቁጥር አለው፤ ሻጭም ገዢም ያውቀዋል። የእናንተ የቃሊቲ ነጋዴዎች አገጭ ግን ንቀት ነው። ሰውዬው ብር ይዞ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ቆሞ ይጠይቃችኋል፤ ዋጋውን ንገሩት!

ይቅርታ፣ ውዳሴ ላይ ነበርኩ።

አገጭ ሲያቅተው ያየሁት በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ዋጋውን በስንት ልመና ካወቃችሁ በኋላ «ደረሰኝ ትሰጠኛለህ?» በሉት። ስልኩ ይቀመጣል። ሰውዬው ይነሣል፣ ዓይን ዓይናችሁን ያያል። «ወንድሜ፣ በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው፤ 15 በመቶ ቫት አለው። ያለ ደረሰኝ ከወሰድክ ግን ለአንተ ስል እቀንስልሃለሁ። ለልጆችህ አታስብም እንዴ?» ድምፁ ከከባድ መኪናው በላይ ይሰማል፤ እጁ ይወራጫል፤ ሻይም ይታዘዛል።